ቀለም ስም አይደለም

ሟቹ በድንጋይ ሥር ተገኘ። ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ስለነበር አሟሟቱ ብዙዎችን አላስገረመም። ዘበኛው ደግሞ ለመጣው ሰው ሁሉ «ድንጋዩ በላው» እያለ ጠዋቱን ሙሉ ሲደጋግም ቆየ። መርማሪዋን ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ ያናደዳት ይህ ቃል ነው። በሃያ ዓመት ሥራዋ ድንጋይ ሰው ሲበላ አላየችም። ሰው ሰውን ሲበላ ግን አይታ ጠግባለች።

ቦታው የድንጋይ ጠራቢዎች ግቢ ነው። በአንድ በኩል የተጠረቡ ብሎኮች ከሰው ቁመት በላይ ተደርድረዋል፤ በሌላው በኩል አንዲት ጠባብ ቤተ ሙከራ አለች፤ ከእሷ ትይዩ የኢንጂነሩ ቢሮ መስኮቱን ወደ ግቢው ከፍቶ ቆሟል። ሟቹ የቤተ ሙከራዋ ኃላፊ ነበር። ከየካባው፣ ከየድንጋይ መፍለጫው፣ የሚመጣውን የአሸዋ ድንጋይ መርምሮ ምንነቱን የሚሰይም እሱ ስለሆነ በግቢው ውስጥ «ስም አውጪው» ነበር የሚባለው።

«ነገሩ አልቋል፣ ኢንስፔክተር» አለ ሃምሳ አለቃው፣ ምሳውን ቀድሞ እንደበላ ሰው ዘና ብሎ። «የገደለው ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ዋና ግንበኛው። ትናንት አሥር ሰዓት ላይ እዚሁ ግቢ መሀል ሲጨቃጨቁ ‹ድንጋይህ በላይህ ላይ ይውደቅብህ› ሲለው አሥር ሰው ሰምቷል። ይኸው ወደቀበት። ምን ቀረ?»

«ማሰብ ቀረ» አለች። «ሰውየው ምን ይላል?»

«አፉን ዘግቷል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ።»

መርማሪዋ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። በሟቹ ትከሻና ጭንቅላት ላይ የወደቀው ብሎክ ነጭ ነው፤ እንደ ስኳር ፍሬው ያብለጨልጫል። ማጉያ መነጽሯን አውጥታ ቁስሉን ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ በመርፌ ጫፍ ጥቂት ፍሬ አሸዋ ለቅማ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጠች። አሸዋው ነጭ አልነበረም።

ከኋላዋ አንዲት ወጣት ቆማ ነበር። አላለቀሰችም፤ ዓይኗ ግን ደም መስሏል።

«ልጁ ነኝ» አለች። «ቤተ ሙከራው ውስጥ ድንጋይ እየቆረጥኩ ለማይክሮስኮፕ የማዘጋጅ እኔ ነኝ። አባቴን አጣሁ። አሁን ደግሞ አጎቴን ሊወስዱብኝ ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደጉኝ ሁለቱ ናቸው። ሌላ ሰው የለኝም።»

«አጎትሽ ያደረገው ቢሆንስ?»

«ከሆነማ እኔው ራሴ አስረክብዎታለሁ» አለች ጥርሷን ነክሳ። «ግን መጀመሪያ ይወቁ። ሳያውቁ አይውሰዱት።»

መርማሪዋ ልጅቷን ወደደቻት። ወረቀቱንና መነጽሩን አቀበለቻት።

«ይህ ምንድን ነው?»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየች። «ፌልድስፓር የሚባል ማዕድን ነው። ሮዝ ቀለም አለው፤ ገጹ ጠፍጣፋ ነው፣ ብርሃን ሲያርፍበት እንደ መስታወት ስባሪ ያበራል። ከየት አመጡት?»

«ከአባትሽ ቁስል።»

ወደ ነጩ ብሎክ አየች፣ ተመልሳ ፍሬዎቹን አየች።

«ይህ ብሎክ ጥርት ያለ ኳርትዝ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ዓመት ቢፈልጉ ከውስጡ አንዲት ሮዝ ፍሬ አያገኙም። አባቴን የመታው ይህ ድንጋይ አይደለም።»

ሃምሳ አለቃው ማስታወሻ ደብተሩን ከኪሱ አወጣ።

ቤተ ሙከራዋ ለሁለት ሰው እንኳ የምትጠብ ክፍል ናት። በግድግዳው ርዝመት የእንጨት መደርደሪያ አለ፤ በእያንዳንዱ ድንጋይ ፊት ለፊት እንጨቱ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ስም ተጽፏል። ድንጋዮቹ ላይ ግን ምንም አልተጻፈም። በራፉ ላይ የተሰቀለው የልጅቷ ገዋን ከወገቡ በታች ብል የበላው ይመስላል።

«ብል ነው?» አለች መርማሪዋ።

«አሲድ ነው። ድንጋዩ ላይ ጠብ እናደርገዋለን፤ አረፋ ከደፈቀ ፍሬዎቹን ያጣበቃቸው ኖራማ ነገር ነው ማለት ነው። ጥጥ ልብስ ላይ ሲፈስ ወዲያው አይታይም። መጀመሪያ ነጠብጣብ ብቻ ነው፤ በማግስቱ ቀዳዳ ይሆናል። ከዚህ ቤት ሙሉ ልብስ ለብሶ የሚወጣ የለም።»

«ስሙንስ እንዴት ነው የምታወጡት? እንደማያውቅ ሰው ንገሪኝ፤ አላውቅምና።»

«አባቴ በመጀመሪያ ሦስት ነገር ነው የሚያየው። ስንት እጁ ኳርትዝ ነው፣ ስንት እጁ ፌልድስፓር ነው፣ ስንት እጁ የሌላ ድንጋይ ስባሪ ነው። ከዚያ በፍሬዎቹ መሀል ጭቃ መኖሩን ያያል። በመጨረሻ ምን እንዳጣበቃቸው። ኳርትዝ ብቻ ከሆነ ኳርትዝ አሬናይት ይባላል። ፌልድስፓሩ ከሩብ ካለፈ አርኮዝ ነው። ጭቃ የሞላበት ጥቁሩ ደግሞ ግሬይዋክ።»

«ቀለሙስ?»

«ቀለም ስም አይደለም ይላል። ቀለም ልብስ ነው፤ ጥቂት ዝገት ማንኛውንም ድንጋይ ቀይ ታለብሰዋለች ይላል።» ቆም አለች። «ይል ነበር።»

መርማሪዋ ዓይኗን ከልጅቷ ፊት ወደ ድንጋዮቹ መለሰች። ከዚያ ጠየቀች፤ «ድንጋዮቹ ላይ ለምን አይጽፍም?»

«ስሙ ውስጡ አለ ይላል። ማንም ድንጋይ አንስቶ ማየት ይችላል፤ ግን ራሱ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ከተሳሳተ እየሳቀበት እንደገና ያስጀምረዋል። እዚህ ግቢ ያልተፈተነ የለም ማለት ይቻላል።»

መርማሪዋ መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር አየች። ድንጋዮቹ ሁሉ አቧራ ለብሰዋል። ሁለት ቀያይ ድንጋዮች ብቻ የእጅ አሻራ አለባቸው፤ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ አቧራ የሚባል አልነካውም። እሱን አነሳችው። የጡጫ ሁለት እጥፍ ያህላል፣ ጠርዙ ስለታም ነው። ላዩ ደርቋል፤ ያረፈበት እንጨት ግን ረጥቧል።

«ታጥቧል» አለች።

ልጅቷ ድንጋዩን ተቀብላ መዘነችው፤ ከዚያም ወደ መደርደሪያው አየችና ፊቷ ተለዋወጠ።

«ይህ አርኮዙ ነው። የተቀመጠው ግን በቀዩ ኳርትዝ ቦታ ነው። ኳርትዙ ደግሞ በአርኮዙ ቦታ። ተለዋውጠዋል። አባቴ ዓይኑን ቢያስሩት እንኳ ይህን አያደርግም።»

«የገደለው አድርጎታል። ይህን ለማንም እንዳትተነፍሺ» አለች መርማሪዋ። «ለአጎትሽም ቢሆን።»

ከማጠቢያው ወንፊት ሥር ያንኑ ሮዝ ፍሬ አገኘች። ከጠረጴዛው እግር አጠገብ የወለሉ ሲሚንቶ ተበልቶ ነጥቷል፤ በጨርቅ የተጠረገ ይመስላል። የአሲዱ ጠርሙስ ባዶውን ቆሟል፣ ክዳኑ የለም።

«ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ስወጣ ሙሉ ነበር» አለች ልጅቷ።

«አባትሽ ምን እየሠራ ነበር?»

«ሪፖርት እየጻፈ ነበር። ስለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ ተናዶ ነበር።» ጠረጴዛውን ፈተሸች። «የለም። ወረቀቱ ሁሉ ተወስዷል።»

መርማሪዋ ወደ ማይክሮስኮፑ ሄደች። ከሌንሱ ሥር አንድ ቁራጭ መስታወት ተሰክቷል፤ በላዩ ላይ ከወረቀት የሳሳ የድንጋይ ቅጠል ተለጥፏል። ጠርዙ ላይ በጥቃቅን ፊደል «ትምህርት ቤት፣ ዓምድ አራት» ተብሎ ተጽፏል።

ልጅቷ ዓይኗን ሌንሱ ላይ አድርጋ ቆየች። ቀና ስትል ድምፅዋ ወርዶ ነበር።

«አርኮዝ ነው። አርኮዝ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ይህኛው ግን ፌልድስፓሩ መበስበስ ጀምሯል፣ ወደ ሸክላ አፈር እየተለወጠ ነው። ሲረጥብ ጉልበት የለውም። ይህ ዓምድ ላይ የሚወጣ ድንጋይ አይደለም። አዲሱ ትምህርት ቤት አራት ዓምድ ነው ያለው። ላዩ ሁለት ክፍል ተሸክሟል። ሰኞ ይከፈታል።»

ዕለቱ ዓርብ ነበር። መርማሪዋ የዓምዶቹን ድንጋይ ያቀረበውን ሰው ፍለጋ ወጣች።

ድንጋይ አቅራቢው ስድሳውን የተሻገረ፣ ሳቅ የማይለየው ሰው ነው። ከጭነት መኪናው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት።

«እህቴ፣ እኔ ድንጋይ እሸጣለሁ እንጂ ድንጋይ አልጥልም» አለና ሳቀ።

«አብሬዎት አልሳቅኩም» አለችው። ሁለቱን ቀያይ ድንጋዮች በጨርቅ ጠቅልላ ይዛቸው ነበር፤ ደረጃው ላይ አኖረቻቸው። «እነዚህን ምን ይሏቸዋል?»

በመዳፉ ዳሰሳቸው እንጂ ብዙም አላያቸውም። «ይኼኛው ጉበት ነው፤ ያኛው ድድ። በካባ ቤት እንዲህ ነው የምንላቸው።»

«ድድ ለምን ተባለ?»

«ጥርስ የለውማ! በጥፍርሽ ፋቅ ብታደርጊው ፍሬው ይነሳል። ጉበትን በጥፍር ብትሞክሪው ጥፍርሽ ነው የሚነሳው። ዓይኔን ጨፍኜ እለያቸዋለሁ።»

«ለትምህርት ቤቱ ዓምዶች የትኛውን አቀረቡ?»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ወረደ። ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ድድ» አለ።

«ለምን?»

«ትዕዛዙ ላይ ‹ቀይ የአሸዋ ድንጋይ› ብቻ ነበር የተጻፈው። ስም የለውም። በጊዜው በእጄ ላይ የነበረው ቀይ ድድ ነው፤ ጭኜ አመጣሁ። ያራገፍኩት በዝናብ ነበር፣ ድንጋዩ ርሶ ጠቁሯል። ኢንጂነሩ ጃንጥላ ይዞ ከሩቅ አየና ‹ይኼው ነው፣ ጠቆር ያለው› ብሎ ፈረመ።»

«እርስዎም ዝም አሉ።»

«አልጠየቀኝማ።»

«ከሥሩ ሕፃናት እንደሚቀመጡ ያውቁ ነበር?»

«አልጠየቀኝም» አለ እንደገና፤ አሁን ግን ወደ ጫማው እያየ ነበር።

መርማሪዋ ድንጋዮቿን ሰብስባ ሄደች። ሕግ ዝም ያለ ሰው የሚታሰርበት አንቀጽ ቢኖረው ደስ ባላት ነበር።

ግንበኛው በጣቢያው አግዳሚ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ጣቶቹ ወፍራም ናቸው፣ ኖራ በየስንጥቁ ገብቶባቸዋል። ስትገባ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

«ወንድምዎን ምን ብለው ነበር የረገሙት?»

«ያልኩትን ሰምተዋል።»

«ለምን እንዳሉት አልሰማሁም።»

በጣቱ ስንጥቅ የገባውን ኖራ በጥፍሩ ፈቀፈቀ።

«ዓምዶቹን አፍርስ አለኝ» አለ። «በገዛ እጄ የሠራኋቸውን። ጠዋት ማታ በቱምቢ እየለካሁ ያቆምኳቸውን። እያንዳንዱን ድንጋይ መሬት ውስጥ እንደተኛበት ንብርብሩን አስተኝቼ ነው የገነባሁት። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ‹ግንብህ ጥሩ ነው፣ ድንጋይህ ግን በሽተኛ ነው› አለኝ። ደሜ ፈላ። ከዚያ ያንን ተናገርኩ። የመጨረሻ ቃሌ እሱ ሆነ።» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ወንድም ጋሼን ያን ብዬው ነው የሞተብኝ።»

ሁለቱን ድንጋዮች አግዳሚው ላይ አስቀመጠች። «እነዚህን ያውቋቸዋል?»

በጣቱ ጀርባ አንድ አንድ ጊዜ መታቸው። «ይኼ ጯሂው ነው። ያ ዝምተኛው።» ሁለተኛውን አነሳና መዘነው። «ምን ሆኖ ነው እንዲህ የከበደው? ውሃ ጠጥቷል።»

«አዎ» አለች። «ጠጥቷል።»

ኢንጂነሩ ጠረጴዛው ላይ ወረቀቶቹን በጠርዛቸው አስተካክሎ የሚደረድር ሰው ነው። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። መስኮቱ ክፍት ስለሆነ ግቢ ውስጥ የሚያወሩት ጠራቢዎች ድምፅ ቃል በቃል ይሰማል።

«ምስኪን ሰው ነበር» አለ። «ትንሽ ግትር ነበር እንጂ። እነዚህ የድንጋይ ሰዎች እኮ ለአሸዋ እንደ ልጅ ስም ሲያወጡ ነው የሚውሉት።»

«ቤተ ሙከራው ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የገቡት መቼ ነው?»

«ኧረ ሁለት ሳምንት አልፎኛል።»

«ስለ ትምህርት ቤቱ ዓምዶች የነገረዎት ነገር አለ?»

«ምንም። ምን አላቸው ዓምዶቹ?»

ድንጋዮቹን ከተደረደሩት ወረቀቶች ላይ አኖረችበት፤ አቧራው ሲፈስበት ፊቱ ተኮማተረ።

«እነዚህን እንዴት ይለዩዋቸዋል?»

«ቀላል ነው። አንዱ ጠቆር ያለ ቀይ ነው፣ አንዱ ፈካ ያለ። የተወሳሰበ ነገር የለውም።»

«ስማቸውስ?»

«ቀይ የአሸዋ ድንጋይ። ሁለቱም።»

ሊሸኛት ሲነሳ ዓይኗ ሱሪው ላይ አረፈ። ጥቁር ሰማያዊ የጥጥ ሱሪ ነው፤ ሁለቱም ጉልበቶቹ ላይ ቀላ ያሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሉ። መመልከቷን አየ።

«የበር ቀለም ነው» አለ ሳይጠየቅ። «ትናንት እዚሁ ቢሮ አደርኩ፣ ሳልቀይር ዋልኩ።»

«አይዞዎት» አለች። «እኔም ስቸኩል ልብስ አልቀይርም።»

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም ቤተ ሙከራዋ ውስጥ ታጨቁ። ሃምሳ አለቃው በሩን ይዞ ቆመ፤ ግንበኛው እጁ በካቴና ታስሮ ከልጅቷ ጎን ነው፤ ድንጋይ አቅራቢው መስኮቱ ሥር፣ ኢንጂነሩ ከጠረጴዛው አጠገብ ባለችው አንዲት ወንበር ላይ። ከተቀመጠ ጀምሮ ፋይሉን ከጉልበቱ አላነሳም።

መርማሪዋ ለመናገር ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። የሚያውቋት ሰዎች ከጩኸቷ ይልቅ ይህንን ነው የሚፈሩት።

«ሟቹ የሞተው እዚህ ክፍል ውስጥ ነው» አለች። «ቁስሉ ውስጥ የተገኘው አሸዋ ከወደቀበት ነጭ ብሎክ አይደለም። ከዚህ መደርደሪያ ላይ ካለ ከዚህ ድንጋይ ነው።» አርኮዙን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ገዳዩ በዚህ መታው። ከዚያ ድንጋዩን አጠበ፣ ሬሳውን በድንጋይ ጋሪ ወደ ግቢው ወሰደ፣ ብሎኩን በዲጂኖ ገፍቶ ጣለበት። ለምን ድንጋይ? ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ወንድሙ ‹ድንጋይህ ይውደቅብህ› ሲል ሰምቷላ። እርግማኑን ተበደረው።»

ግንበኛው አንገቱን ደፋ።

«ወረቀቶቹን ሁሉ ወሰደ። አንድ ነገር ግን ረሳ፤ መስታወቱን። እዚህ ቤት መስታወት ላይ የተለጠፈ ድንጋይ ከሪፖርት እንደሚበልጥ የሚያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ አይተወውም ነበር። መስታወቱ የትምህርት ቤቱ ዓምዶች በሽተኛ ድንጋይ መሆናቸውን ይናገራል። ይህ እንዳይወጣ ሦስት ሰዎች ይፈልጋሉ። ያቀረበው፣ የገነባው፣ የፈረመው።»

«እኔ...» አለ ድንጋይ አቅራቢው።

«ይቆዩ። ገዳዩ ሌላም ስህተት ሠራ። ሟቹ ሁለቱን ቀያይ ድንጋዮች ከመደርደሪያው አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧቸው ነበር፤ ለአንድ ሰው ልዩነታቸውን ሊያሳየው። ሰውየው ሲመልሳቸው አለዋወጣቸው። እዚህ ድንጋይ ላይ ስም አይጻፍም፤ የማያውቀው ሰው ይሳሳታል። ታዲያ ማን ነው የማያውቃቸው?» ወደ አቅራቢው ዞረች። «እርስዎ በጥፍርዎ ነው የሚለዩት፤ ጉበትና ድድ። ዓይንዎን ጨፍነው አይሳሳቱም። ግንበኛው በድምፅ ነው፤ ጯሂውና ዝምተኛው። ልጅቷ በፍሬው። ከዚህ ክፍል ውስጥ በቀለም የሚለያቸው አንድ ሰው ብቻ ነው። ‹አንዱ ጠቆር ያለ፣ አንዱ ፈካ ያለ› ያለኝ።»

ሰው ሁሉ ወደ ወንበሩ ዞረ።

«ብለያቸውስ?» አለ ኢንጂነሩ። «በቀለም ከለየኋቸው በትክክል ነዋ የምመልሳቸው።»

«ደረቅ ቢሆኑ።» መርማሪዋ ብርጭቆ ውሃ አንስታ አርኮዙ ላይ ቀስ ብላ አፈሰሰች። ፈካ ያለው ድንጋይ እያዩት ጠቆረ፤ ከደረቁ ኳርትዝ የባሰ ጠቆር ያለ ቀይ ሆነ። «ደሙን ስታጥበው እንዲህ ሆነብህ። ጠቆር ያለውን ፈለግህ፣ በጠቆረው ኳርትዝ ቦታ ላይ አኖርከው። ድንጋዩ ሌሊቱን ሲደርቅ ጥቁረቱን እንደ ልብስ አወለቀ።»

«አንተ» ማለቷን ሃምሳ አለቃው ሰማ። ከበሩ ራቅ ብሎ ወደ ወንበሩ ተጠጋ።

«ይህ ደግሞ የመጀመሪያ ጊዜህ አይደለም» አለች። «የትምህርት ቤቱንም ድንጋይ በዝናብ ርሶ አይተህ ነው ‹ጠቆር ያለው ነው› ብለህ የፈረምክበት። አንድ ስህተት ሁለት ጊዜ ሠራህ። የመጀመሪያውን ማረም ይቻል ነበር።»

«ሆን ብሎ ያለዋወጣቸው ሌላ ሰው ቢሆንስ? እኔ ላይ እንዲመስል? ሁለት ሳምንት ሙሉ እዚህ እግሬ አልደረሰም።»

«ፋይሉን አንሳው» አለች።

አላነሳውም። ሃምሳ አለቃው አነሳለት። ጠዋት ነጠብጣብ የነበረው ቦታ ሁሉ ቀዳዳ ሆኗል፤ በሁለቱም ጉልበቶቹ ላይ ሥጋው በጥቃቅን ቀዳዳዎች ይታያል። ኢንጂነሩ ጉልበቱን እንደ ሌላ ሰው ጉልበት አተኩሮ አየው። ልጅቷ በሩ ላይ የተሰቀለውን ገዋኗን አየች፣ ከዚያ ሱሪውን።

«ሟቹ ሲወድቅ አሲዱን ደፋው» አለች መርማሪዋ። «ተንበርክከህ ጠረግህ። የበር ቀለም ጨርቅ አይበላም።»

ቆሌው ተገፈፈ። ሲናገር ድምፁ የሚለምን ልጅ ድምፅ ነበር።

«ሦስት ወር ብቻ ቆይልኝ አልኩት። ይከፈት፣ ሰው ይርሳው፣ ከዚያ በጸጥታ እናጠናክረዋለን አልኩት። እሱ ሁለት ድንጋይ ፊቴ አስቀመጠ። ‹መጀመሪያ ስማቸውን ንገረኝ፣ ከዚያ ስለ ዓምዱ እናወራለን› አለኝ። በአርባ ዓመቴ ተማሪ አደረገኝ። ተሳሳትኩ። ሳቀ።» እጁን አየው። «ቢስቅብኝም ባይስቅብኝም ይጽፍ ነበር። መሳቁ ግን...»

«ሳቀብህ» አለች መርማሪዋ። «ስለሳቀብህ ገደልከው። ከዚያ በወንድሙ እርግማን ሥር አስተኛኸው፣ ጠዋት ተነስተህ ‹ምስኪን ሰው› አልክልኝ። ሰኞ ደግሞ ሕፃናቱን ከነቦርሳቸው እዚያ ዓምድ ሥር ልታስገባ ነበር። ምስኪንማ እነሱ ነበሩ። ውሰደው ሃምሳ አለቃ፣ ከፊቴ ውሰደው።»

ሃምሳ አለቃው ካቴናውን ከግንበኛው እጅ ፈትቶ ኢንጂነሩ ላይ አደረገው። ግንበኛውን ይቅርታ ለመጠየቅ አፉን ከፈተ፤ ግንበኛው ፊቱን አዞረበት። ድንጋይ አቅራቢው ግድግዳውን ታክኮ ሊወጣ ሲል መርማሪዋ ክንዱን ያዘችው።

«እርስዎ ስንት ቦታ ነው ድድ ያቀረቡት?»

«እኔ...»

«አሁን እየጠየቅኩዎት ነው። ሲጠየቁ ይናገራሉ አይደል? ነገ ጠዋት ጽፈው ያመጡልኛል።»

ከዘጠኝ ሰዓት በፊት የትምህርት ቤቱ በር በሰንሰለት ተቆለፈ። መርማሪዋ ራሷ ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከተተች። ርዕሰ መምህሩ ስለ ምረቃው ሲነግራት ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው።

ግንበኛውና ልጅቷ ከዓምድ አራት ፊት ቆመው ነበር። ዓምዱ ያምራል፤ መጋጠሚያዎቹ ምላጭ አያስገቡም፣ ሮዝ ቀለሙ በከሰዓት በኋላው ፀሐይ ሞቅ ብሏል። ግንበኛው መዶሻውን ገልብጦ በእጀታው መታው።

ዱብ አለ። ምንም የማይመልስ፣ የዝምተኛው ድንጋይ ድምፅ ነበር። አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ መታ። ዱብ አለ።

«መቼ ነው ያወቁት?» አለች መርማሪዋ።

ግንበኛው አልዞረም። «የመጀመሪያውን ድንጋይ ያስቀመጥኩ ቀን። መዶሻዬ ነግሮኝ ነበር። ተፈርሞበታል፣ የኔ ሥራ መገንባት ነው አልኩ። ከዚያ ሥራው አማረልኝ፤ ሰው ሁሉ አደነቀው።» መዶሻውን ሲሚንቶው ላይ አስቀመጠው። «ወንድም ጋሼ ያልሰማሁትን ነገር አልነገረኝም። የሰማሁትን ነው የነገረኝ። ለዚያ ነው እንደዚያ የተናደድኩት።»

መርማሪዋ ልትመልስ ነበር፤ ጠዋቱን ሙሉ የተከማቸ ብዙ ቃል ነበራት። ዋጠችው። ይህኛው ሰው የሚፈረድበትን ራሱ ፈርዶ ጨርሷል።

ልጅቷ አጎቷን ለረጅም ጊዜ አየችው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊወሰድባት የነበረ ሰው ነው፤ አልተወሰደም፤ ከፊቷ ቆሟል። ግን አባቷ ትናንት ሲጮህ፣ አጎቷ እውነቱን እያወቀ፣ ብቻውን ነበር የጮኸው፤ ይህንን አሁን አወቀች።

ግንበኛው ከግድግዳው ሥር የተከመሩትን የድጋፍ እንጨቶች መቁጠር ጀመረ። ከማፍረስ በፊት ጣሪያውን ማስደገፍ ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን እንጨት አንስቶ ከላይኛው ወለል ሥር አቆመው፤ እንጨቱ ረጅም ስለሆነ ለብቻው አልቀና አለው፣ ወደ ጎን አዘነበለ።

ልጅቷ አላቀፈችውም፣ አላናገረችውም። ሄዳ እንጨቱን ያዘችለት።